አጥር የሌለው ክልከላ፦ ከተኩስ ልምምድ ቦታ አጠገብ ያለ የጥድ ደን እንዴት ይዞራል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን በአጭሩ ልድገመው። ከጓደኞችሽ ጋር በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ካሉት የጥድ ደኖች አንዱን በእግር ልትዞሩ አስባችኋል። ደኑ በአንድ ጎኑ ወታደሮች ተኩስ ከሚለማመዱበት የተከለከለ ቦታ ጋር ይዋሰናል ተብለሻል። አጥር የለውም። «የት ላይ መቆም እንዳለብን በምን እናውቃለን? ወይስ ጭራሽ ይቅርብን?» ብለሻል። የ9 ዓመት ወንድምሽም ካልሄድኩ ብሎ አስቸግሯል።

እኔ በዚሁ በኩል ነው ያደግኩት። ልጅ ሆኜ እንጨት ለቅሜበታለሁ፤ አሁንም እረፍት ሳገኝ እሄዳለሁ። መልሴ «ይቻላል» ነው። ግን መግቢያችሁ በሰው በኩል ይሁን። ካርታ ብቻ ይዛችሁ እንዳትገቡ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ልለምንሽ። የቦታውን ስምም ሆነ የካርታ ምልክቱን እዚህ አታስቀምጪ። ወታደር ያለበት ጉዳይ ነው፤ እኔም ስሙን አልጠራውም። ሌላው ደግሞ ጊዜው ነው። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ታውቂዋለሽ። በሰላሙ ጊዜ ዝም ብለን የምንገባበት ቦታ ዛሬ ሊያስጠይቅ ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት የአካባቢውን ቀበሌ ጠይቁ። «በዚህ ሳምንት ባትመጡ ይሻላል» ከተባላችሁ ክርክር አታንሱ፤ ተራራው የትም አይሄድም።

አሁን ወደ ድንበሩ። ሰው ሁሉ ታፔላ ነው የሚፈልገው። ታፔላ ሊኖር ይችላል፤ ወድቆ ሣር በልቶትም ሊሆን ይችላል። ነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይም አለ፤ ዝናብ አጥቦት ከሌላው ድንጋይ አይለይም። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። እንጨቱን ነው የማየው። ሰው በሚገባበት ደን ውስጥ ደረቅ እንጨት መሬት ላይ አያድርም። ቅርንጫፉ በወደቀ በማግስቱ ከአንዷ እናት ጀርባ ላይ ነው። ጉቶ ታያለሽ። ሰው እጁ እስከሚደርስበት ድረስ የተመለመለ ዛፍ ታያለሽ። እበት አለ፣ የከብት ዱካ አለ። ትንሽ ስትሄጂ የወደቀ ጥድ ሙሉ ግንዱን ይዞ ተጋድሞ፣ ማንም ሳይነካው ሲበሰብስ ካገኘሽ ቁሚ። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ማገዶ ያለ ምክንያት አይተውም።

ሣሩም ይናገራል። ታኅሣሥና ጥር ላይ የግጦሽ መሬት ሁሉ ተላጭቶ ያልቃል። በዚያ ወቅት ጉልበት የሚደርስ ያልተጋጠ ሣር ካየሽ ወይ ሰው ለአጨዳ የከለለው ነው፣ ወይ ከብት የማይገባበት ነው። በሁለቱም መንገድ አትግቢበት። የእግር መንገድም ተመልከቺ። የተረገጠው መንገድ ድንገት ወደ ጎን ታጥፎ፣ ቀጥታ የሚሄደው አቅጣጫ ሣር ለብሶ ከቀረ፣ ሰዎቹ የታጠፉት ያለ ነገር አይደለም። አብረሽ ታጠፊ።

ይህ ግን ከሰው መጠየቅ አያድንም። አጠያየቅ ላይ ደግሞ የከተማ ልጆች ሲሳሳቱ አያለሁ። እረኛ ያገኙና «እዚህ መግባት ይቻላል?» ይሉታል። «ይቻላል» ይላቸዋል። እንግዳን አይሆንም ማለት ይከብደዋላ። ደግሞስ እሱ ምን ቸገረው፣ የሚቻለውን መንገድ ስለሚያውቀው በልቡ ያሰበው ያንን ነው። መጠየቅ ያለባችሁ «ከብቶቻችሁ የት ድረስ ይግጣሉ?» ብላችሁ ነው። ወይም «እናቶች እንጨት የሚለቅሙት እስከየት ነው?» በሉ። ያን ጊዜ እጁን ዘርግቶ ያሳያችኋል። «እስከዚያች ወይራ» ይላችኋል። «ከወንዙ ወዲያ አንሻገርም» ይላችኋል።

ከጥያቄው በፊት ሰላምታው ይቅደም። የወሎ ሰው መሆንሽን አትርሺ። ቆም ብላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩምም ይሁን እንደምን አደራችሁ፣ ከብቱን ልጁን ጠይቃችሁ ነው ወደ ጉዳይ የሚገባው። ትልቅ ሰው ከሆነ አባባ ወይም ሸህ በሉ። ከመንደሩ አንድ ጎልማሳ «አያ፣ ዛሬ ቢያዞሩን» ብላችሁ ብትይዙ ደግሞ ግማሹ ጭንቀት ቀለለ። የቀን ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩና ክፈሉ። ፎቶ አብሮ ተነስቶ መሸኘት ክፍያ አይደለም። እረኛ ልጅን ግን ከከብቱ አታስለቅቁት፤ ከብቱ የሰው እህል ከገባ ማታ የሚገረፈው እሱ ነው።

ስለ ተኩሱ። ልምምድ ባለ ቀን ከሩቅ ይሰማል። ድፍን ያለ፣ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚመጣ ድምፅ ከሆነ ራቅ ብሏል ማለት ነው። ለማንኛውም ወደዚያ አትቅረቡ። ከጭንቅላታችሁ በላይ እንደ ቡሄ ጅራፍ ጯ የሚል ስል ድምፅ ከሰማችሁ ግን ጥይቱ በእናንተ በኩል እያለፈ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ 700 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጥይቱ ቀድሞ ያልፋል፣ የጠመንጃው ጩኸት ኋላ ይደርሳል። ያን ጊዜ መሬት ያዙ። ከዛፍ ጀርባ መቆም አይረባም፤ በእናንተና ኋላ በሚደርሰው የጠመንጃ ጩኸት መሃል አፈር ይግባ። ጉብታ፣ የወንዝ ዳር፣ ካብ፣ ያገኛችሁት ይሁን። ሲረግብ በመጣችሁበት ተመለሱ። የክላሽ ጥይት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ «ከሩቅ ነው» የሚባለው ነገር አያዘናጋችሁ።

ዝም ካለስ? ዝምታ ፈቃድ አይደለም። እንግሊዝ አገር በእንዲህ ያለ ቦታ ተኩስ ሲኖር ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል፤ ባንዲራው ሲወርድ የተወሰኑ የእግር መንገዶች ለሕዝብ ይከፈታሉ። እኛ ጋ ባንዲራ ጠብቃችሁ አትወስኑ። ደግሞም ተኩስ በሌለበት ቀን ያለው አደጋ መሬት ላይ ነው።

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ከተኩሱ ይልቅ ይህን ይንቀዋል። ልምምድ ላይ የተተኮሰ ሁሉ አይፈነዳም። የእጅ ቦምብ፣ የሞርታር ጥይት ሳይፈነዳ አፈር ውስጥ ይቀራል። ዓመታት አልፈውትም ሊፈነዳ ይችላል። የእኛ አገር መሬት ደግሞ ተዳፋት ነው። የክረምት ጎርፍ አፈሩን ሲያወርድ ከላይ የነበረውን ብረት ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ከተከለከለው ቦታ ውጭ ባለ ደረቅ ወንዝ ውስጥም ሊገኝ ይችላል። በ2014 ጦርነቱ በደሴና በኮምቦልቻ በኩል ማለፉንም አትርሱ፤ የቀረ ነገር የት እንዳለ ማንም በእርግጠኝነት አይነግራችሁም። ብረት አታንሱ። በእግር አትምቱ። ባዶ ቀልሃ የሚመስለውንም ተዉት። ካያችሁ ቦታውን በዓይናችሁ ያዙ፣ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱና ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ተናገሩ።

ለዚህ ነው ወንድምሽን እንዳትወስጂው የምልሽ። በ9 ዓመቱ ቀልሃ አይቶ የማያነሳ ልጅ አላውቅም። የገጠር ልጆችም ያነሳሉ፤ ቁራሌው ብረት በኪሎ ይገዛላቸዋል። እሱን ሌላ ቀን ጦሳ ተራራ ላይ አውጪው። ደሴን ከላይ ሲያያት ይበቃዋል።

ወታደር ቢያገኛችሁስ? እኔን አስቁመውኝ ያውቃሉ። ቁም ሲሉ መቆም፣ እጅን ማሳየት፣ እውነቱን መናገር ነው። «ደን ልናይ መጥተን ነው፣ ከእገሌ መንደር ነው የገባነው» በቂ ነው። የአስጎብኚያችሁ ሰው አብሯችሁ ካለ ጨዋታው በሁለት ደቂቃ ያልቃል፤ የእገሌ ልጅ ነኝ ይላል፣ ይተዋወቃሉ። መታወቂያ ያዙ፣ የቀበሌም ሆነ ፋይዳ። ሬንጀር ልብስ አትልበሱ። ፋሽን ነው ብሎ ለብሶ የመጣ አንድ ጓደኛዬ ግማሽ ቀን ሙሉ «ከየት አመጣኸው» ሲባል ውሏል። ድሮን ቤት ይቅር፤ ያለ ፈቃድ ማስነሳት ክልክል ነው። የሩቅ ማሳያ መነጽር ለወፍ ብላችሁ ብትይዙም ወደ ካምፕ አቅጣጫ አታንሱት። ፎቶም እንዲሁ። ጀርባችሁን ለተከለከለው ቦታ ሰጥታችሁ ተነሱ፤ ከፎቶው ኋላ ምን እንደገባ ደግሞ አይታችሁ አጥፉ።

ይህን ሁሉ ፍራቻ ከሰማሽ በኋላ ለምን ይኬዳል ትይ ይሆናል። ደኑ ስለሚያምር ነዋ! ያማረው ደግሞ በከፊል በዚያው ክልከላ ምክንያት ነው። መጥረቢያ ያልደረሰበት ጥድ እዚህ አካባቢ እንደ ልብ አይገኝም። ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ፎርት ብራግ የሚባል የጦር ሰፈር አለ። በዚያ ግዛት ረጃጅም ቅጠል ያለው የጥድ ዓይነት በአብዛኛው ተጨፍጭፎ ሲያልቅ በሰፈሩ ውስጥ ብዙ ተረፈ። ተኩሱ የሚያስነሳው እሳት ሥር ሥሩን እያጸዳ ጠቅሞታል፤ ያ ዛፍ እሳት ይወዳል። በሕይወት ባለ ጥድ ላይ ብቻ ጎጆውን የሚፈለፍል አንድ የግንደ ቆርቁር ዝርያም አብሮ ተረፈ።

የእኛ የሀበሻ ጥድ ግን እሳት አይችልም። ቅርፊቱ ደረቅና ክር ክር እያለ የሚላጥ ነው፣ እንጨቱ ዘይት አለው፤ አንዴ ከያዘው አይመለስም። ስለዚህ ቡና እናፍላ ብላችሁ እሳት እንዳታነዱ። ቡናውን በፔርሙዝ ይዛችሁ ውጡ። ሲጋራ የሚያጨስ ካለም ቤቱ ይቅር ወይ ሱሱን ይቻለው።

ጥድን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሴቴና ወንዴ ዛፍ አለው። ሰማያዊ የሚያደላው ትንሽ ፍሬ ያለባት ሴቴዋ ናት። ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን ይበትኑታል። ከእናቱ ጥላ ሥር ችግኝ ብዙ አታገኙም፤ ብርሃን ይፈልጋል፣ ክፍት ቦታ ላይ ነው የሚያድገው። እንጨቱን ምስጥ ስለማይደፍረው አባቶቻችን ለቤት ምሰሶ የመረጡት እሱን ነው። አሁን ያለቀውም በዚያው ምክንያት ነው። አብሮት ወይራ አለ፤ ዝግባም ካገኛችሁ እድለኞች ናችሁ።

የፈረንጅ ጥድ የተተከለበት ክፍል ሌላ ነው። ዛፉ በመስመር ይቆማል፣ ሥሩ ጨለማ ነው፣ ሌላ ነገር ብዙ አይበቅልበትም። የወደቀው ቅጠል ተዳፋት ላይ ያንሸራትታል፤ በተለይ ስትወርዱ ተጠንቀቁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት የፈለገ፣ ከወታደር ነገርም መራቅ የፈለገ፣ ኮምቦልቻ አጠገብ ወዳለው የጎፍ ደን ይሂድ። እዚያ ጥዱና ወይራው አገር በቀል ነው፤ ባሕር ዛፉና የፈረንጅ ጥዱ የተተከለ። እንደ እውነቱ ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ከሆነ እኔ የምመርጥላችሁ እሱን ነው።

ዳር ዳሩ ላይ አጋምና ቀጋ አለ። ሲበስል ይበላል፤ እሾሁ ግን ልብስ ይቀድዳል። ሳማም አለ፤ ቁምጣ አትልበሱ። ጦጣና ዝንጀሮ በጊዜ ታያላችሁ፤ ዳቧችሁን ደብቁ። ድኩላ ዝም ብሎ ለሄደ ሰው ነው የሚታየው። ጅብ ቀን አያስቸግርም፤ ሲመሽ ግን ደን ውስጥ ምን ትሠራላችሁ?

ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ይሻላል። ጠዋት ይበርዳል፤ ጃኬት አይቅር። ሐምሌና ነሐሴ አትሞክሩት። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጉሙም ሲወርድ አጠገባችሁ ያለውን ሰው አያሳይም። በጉም ውስጥ ያልኳችሁ ምልክቶች ሁሉ አይሠሩም። በበጋም ቢሆን ጉም ድንገት ከወረደባችሁ ባላችሁበት ተቀመጡ፤ እስኪገለጥ አትንቀሳቀሱ። ኔትወርክ ገባ ወጣ ይላል፤ የስልክ ካርታም ደኑን አረንጓዴ ቀብቶ ያሳያችኋል እንጂ የተከለከለው ቦታ ከየት እንደሚጀምር አይነግራችሁም። የት እንደምትገቡና መቼ እንደምትወጡ ቤት ለቀረ ሰው ንገሩ።

ከደሴ ከሆነ የምትነሱት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ያዙ። የሀረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ሆድ የሚያገላብጠው ሰው ካለ ፊት ወንበር ይቀመጥ። ከዋናው መንገድ በኋላ ባጃጅ ታገኛላችሁ፤ ሹፌሩን እንዲመልሳችሁ ከ9 ሰዓት በፊት ቅጠሩት፣ ስልኩንም ያዙ። በሶና ውሃ በደንብ ያዙ። በገበያ ቀን ባትሄዱ ጥሩ ነው፤ መንደሩ ባዶ ስለሚሆን የምትጠይቁት ሰው አታገኙም። ቀኑን ስትቆርጡ በውስጥ ጻፊልኝ፤ የማውቀው ሰው ነጻ ከሆነ አገናኝሻለሁ።