ፊልም የሚመስል ቪዲዮ ለመቅረጽ ሻተሩን ሳይነኩ ብርሃኑን ይቀንሱ

ጥያቄ፦ ሚረርለስ ካሜራ አለኝ። በ4ኬ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ሻተሩን አውቶ ላይ አድርጌ እቀርጻለሁ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ግን ፊልም ሳይሆን የስፖርት ስርጭት ይመስላል። ወደ 24 ፍሬምና 1/50 ሻተር ስቀይረው ደግሞ ውጭ ላይ ሁሉም ነገር ነጭ ይሆናል። ሻተሩ አውቶ ላይ እያለ ቤት ውስጥ በመብራት ስቀርጽ ደግሞ ጥቋቁር መስመሮች ይታያሉ። ምን ላስተካክል?

መልስ፦ ሁለተኛው ሙከራዎ ትክክል ነበር። ምስሉ ነጭ የሆነው ከሌንሱ ፊት ብርሃን የሚቀንስ ነገር ስላልነበረ ብቻ ነው። ሻተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) አውቶ ሲሆን ካሜራው ፀሐይ በበረታ ቁጥር ወደ 1/1000 ወይም 1/2000 ያፈጥነዋል። ያኔ እያንዳንዱ ፍሬም እንደ ፎቶ ደርቆ ይቀራል፤ የሚራመድ ሰው እግርም ሆነ የሚወዛወዝ እጅ ምንም ብዥታ አይኖረውም። ዓይናችን ከፊልም የለመደው ግን ያንን ብዥታ ነው። ልኩ የሚገኘው የሻተሩ ቁጥር የፍሬሙን እጥፍ ሲሆን ነው፦ በ24 ፍሬም 1/48፣ በ25 ፍሬም 1/50፣ በ60 ፍሬም 1/120። ካሜራዎ 1/48 ከሌለው 1/50 ይበቃል። ይህን አንዴ ካስገቡ በኋላ ብርሃን በዛ ብለው ሻተሩን አይንኩ።

ብርሃኑን የሚቀንሰው ኤንዲ ፊልተር፣ ማለትም ሌንሱ ፊት የሚገጠም ጥቁር መስታወት ነው። ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በሂሳብ ይታወቃል። በጠራራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ስሜት) 100 እና ሻተር 1/50 ላይ ትክክለኛው አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ኤፍ 22 አካባቢ ነው። ኤፍ 2.8 ላይ መቅረጽ ከፈለጉ 6 ስቶፕ ይከፍታሉ፤ እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ስለሚያደርግ 64 እጥፍ ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ ኤንዲ 64 ይግጠሙ። በሎግ (በኋላ በኤዲቲንግ ቀለሙ እንዲስተካከል ታስቦ ደብዘዝ ተደርጎ በሚቀረጽ የቀለም ፕሮፋይል) የሚቀርጹ ከሆነ ይጠንቀቁ፦ ብዙ ካሜራዎች ሎግ ላይ ዝቅተኛው አይኤስኦ ከፍ ይላል። 800 ከሆነ 3 ስቶፕ ይጨመራል፤ ኤንዲ 512 ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በቀን ሎግ የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው።

እየተሽከረከረ ጥቁረቱ የሚቀያየር ኤንዲ ለሥራ ይመቻል። የተሠራው ግን ከሁለት ፖላራይዘር (በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዝ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ መስታወት) ስለሆነ እስከ ጫፉ ካጠቆሩት፣ በተለይ በሰፊ ሌንስ፣ ምስሉ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥላ ይጥላል። ወደ ጫፉ አያድርሱት። ፊልተሩን ለትልቁ ሌንስዎ ልክ ይግዙና ለትንንሾቹ ማገናኛ ቀለበት ይጠቀሙ። ርካሽ ፊልተር ቀለም ስለሚያዛባ ዋይት ባላንሱን (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን ማስተካከያ) ፊልተሩ ከተገጠመ በኋላ ያስተካክሉ፤ ከዚያም ይቆልፉት። ለፀሐይ 5600 ኬልቪን፣ ለቢጫ አምፖል 3200 ጥሩ መነሻ ነው። አውቶ ከተዉት በአንድ ሾት መሃል የሰው ፊት ቀለም ይቀያየራል፤ ያንን በኤዲቲንግ ማቃናት አድካሚ ነው።

የቤት ውስጡ መስመር ከመብራቱ የሚመጣ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይሉ 50 ኸርዝ ሲሆን ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። 1/50 ወይም 1/100 ሻተር ሙሉ ዙሮችን ስለሚይዝ መስመሩ ይጠፋል፤ 1/125 ግን ዙሩን መሃል ላይ ይቆርጠዋል። 60 ኸርዝ ባለበት አገር 1/60 ወይም 1/120 ያድርጉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ መስመሩ ካልጠፋ ጥፋቱ ብርሃኑ በዲመር የተቀነሰ ኤልኢዲ ሊሆን ይችላል፤ ዲመሩን እስከ መጨረሻ ከፍተው ብርሃኑን በአፐርቸር ወይም በኤንዲ ይቀንሱ።

ስለ ቀለም ፕሮፋይል፦ ካሜራዎ በ8 ቢት ብቻ የሚቀርጽ ከሆነ ሎግን እንዲተዉት አጥብቄ እመክራለሁ። 8 ቢት ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ፣ 10 ቢት 1024 ደረጃ አለው። ሎግን ከለር ግሬድ ሲያደርጉ (ቀለሙን በኤዲቲንግ ሲያስተካክሉ) ኮንትራስቱ ስለሚወጠር 256ቱ አይበቁም፤ ሰማይና ግድግዳ ላይ ደረጃ ደረጃ የሆነ መስመር ይወጣል። ኒውትራል ፕሮፋይል ይምረጡ፣ ኮንትራስቱን ትንሽ ይቀንሱ፣ ሻርፕነሱን ደግሞ ወደ ዝቅተኛው ያውርዱት። ካሜራው ጠርዞችን ሲያሾል የሚፈጥረው ቀጭን ነጭ መስመር ምስሉን ወዲያው «ቪዲዮ» ያስመስለዋል፤ ጥርት ያለ ያሉት ምስል አንዱ ችግሩ ይሄ ሊሆን ይችላል። በኒውትራል ሲቀርጹ ሰማዩና የፊቱ ብሩህ ክፍል እንዳይቃጠል በዜብራ (ስክሪኑ ላይ ብርሃን የበዛበትን ቦታ በሰያፍ መስመር በሚያሳየው ምልክት) ይጠብቁ። በ10 ቢት ሎግ ግን ብሩሁ ክፍል እስካልተቃጠለ ድረስ አንድ ስቶፕ ያህል ከፍ አድርጎ መቅረጽ ጥላው ላይ የሚወጣውን ኖይዝ ይቀንሳል።

አፐርቸሩን ኤፍ 1.4 ማድረግ ግዴታ አይደለም። ከኤፍ 2.8 እስከ 4 ጀርባው በበቂ ይደበዝዛል፣ ፎከሱም በቀላሉ አያመልጥም።

በ24 ፍሬም ካሜራውን ወደ ጎን ሲያዞሩ ዝግ ይበሉ። አንድ ነገር ከምስሉ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ለመሻገር 7 ሰከንድ ያህል ካልወሰደበት ምስሉ ይንቀጠቀጣል። 60 ፍሬምን ለስሎው ሞሽን ብቻ ያስቀምጡት፦ በ24 ታይምላይን ላይ ወደ 40 በመቶ ፍጥነት ሲያወርዱት እያንዳንዱ ፍሬም ሳይደገም ይፈስሳል።