ለጀማሪ ጠበቆች፦ ቃሊቲ ሩቅ ነው አትበሉ

ልጆቼ፣ ገና ፈቃድ ያወጣችሁ ጠበቆች ቃሊቲ እስር ቤት ድረስ ሄዶ ደንበኛ ማየት ያማርራችኋል አሉ፤ ትራፊኩ ወረፋው ፍተሻው ግማሽ ቀን ይበላል፣ እውነት ነው። እኔ ስጀምር ከርቸሌ የሚባለው የመሃል ከተማው እስር ቤት ገና ነበረ፣ ከልደታ ፍርድ ቤት ወጥቼ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ያኔ ሰነፍ ጠበቃም ደንበኛውን ያይ ነበር።

ከርቸሌን ያልደረሳችሁበት ስላላችሁ ላውጋችሁ። ስሙ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፣ ውስጥ ያለው ባለ ስምንት ማዕዘን ግንብ ደሞ "ዓለም በቃኝ" ይባል ነበር፣ የገባ ሰው ከዓለም ተሰናበተ ለማለት። ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ጣልያን የያዘውን ሰው እዛ አጎረ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ደርግ "ስድሳዎቹ" የምንላቸውን የንጉሡን ባለስልጣናት እዛው ረሽኖ እዛው ቀበራቸው፣ አፅማቸው ወጥቶ ሥላሴ ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የሚገርመኝ ግን አጥሩ ነው! የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግቢ እኮ አጠገቡ ነበር፣ መሪዎቹ ስለ አህጉሩ ነፃነት ሲያወሩ እስረኛው ከግንቡ ወዲህ።

በ1996 አካባቢ እስረኛው ወደ ቃሊቲ ተጋዘ፣ ግንቡም ከጥቂት አመት በኋላ ፈረሰ። ቦታው ላይ ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር የሰራችው የአፍሪካ ህብረት ህንፃ ጥር 2004 ተመረቀ። ቁመቱ 99.9 ሜትር ነው፣ ህብረቱ የታወጀበት በፈረንጅ 9/9/99 እንዲታወስ ብለው፤ የኅዳር 14ን ሜትር ማን ይቁጠር።

ቃሊቲ ሲገባ ደግሞ ግንቡ በቆርቆሮ ተተካ፣ "ዞን" ተብሎ ተከፋፈለ፣ ስንቅ ይዛ በእግሯ ትመጣ የነበረች እናት አሁን ሁለት ሶስት ታክሲ ትቀያይራለች፣ እኛ ጠበቆችም በዛው ጠፋን። እኔም ራሴ! አንድ ደንበኛዬን በስልክ ከቤተሰቡ ጋር እየተነጋገርኩ ፋይሉን ቢሮ አስቀምጬ ሁለት ወር ሳላየው ቀረሁ፣ መከላከያ ማስረጃ የምናቀርብበት ቀን ሲደርስ ነው ደንግጬ የሄድኩት። ሰላምታ እንኳን ሳይሰጠኝ "ጋሼ፣ መንገዱ ጠፋዎት እንዴ?" አለኝ። ከዛ ለቤተሰቡ እንኳን ነግሮት የማያውቀውን የአንድ ጎረቤቱን ስም ጠራልኝ፣ ዋናው ምስክራችን እሱ ሆነ።