ደረሰኙ ክፍያውን ለምን ይረሳል?

ከሐዋሳ የጻፉልን አንባቢ ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ በጃቫና በሃይበርኔት 6 (የጃቫ ዕቃዎችን በዳታቤዝ ሠንጠረዦች በሚያስቀምጥ መሣሪያ) የተሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ከሌላ ሰው ተረክበዋል። የደረሰኙ ክላስ ዓይነቱ «ክፍያ» የተባለ ኢንተርፌስ (ክላሶች ሊፈጽሟቸው የሚገቡ ሥራዎችን የሚዘረዝር ውል) የሆነ መስክ አለው፤ ይህን ኢንተርፌስ የጥሬ ገንዘብ፣ የባንክና የቴሌብር ክላሶች ይተገብሩታል። ፕሮግራሙ ያለ ስሕተት ይነሣል፣ ክፍያዎቹም በየሠንጠረዣቸው ይመዘገባሉ፤ ደረሰኙ እንደገና ሲከፈት ግን የክፍያው ቦታ ባዶ ነው።

ጥያቄዎን ሳነብ ወዲያው የጠረጠርሁት በዚያ መስክ ላይ «ትራንዚየንት» የሚል አኖቴሽን (በኮድ ላይ የሚጻፍ ምልክት) እንዳለ ነው። ከእርስዎ በፊት የሠራው ሰው መስኩ የሚያመለክተው ዓይነት ኢንቲቲ (በሠንጠረዥ የሚቀመጥ ክላስ) አይደለም የሚለው መልእክት ሲያስቸግረው መስኩ ጭራሽ እንዳይቀመጥ አድርጎ ስሕተቱን አጥፍቷል። ይህን የመሰለ ጥገና ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል፤ ስሕተትን ከመጠገን ይልቅ መደበቅ ነውና አጥብቄ እቃወመዋለሁ።

ምንም ከመንካትዎ በፊት የዳታቤዙን ሙሉ ቅጂ ይያዙ፤ በሥራ ላይ ባለው ሰርቨርም ሃይበርኔት ሠንጠረዥ እንዲፈጥር የሚያዝዘውን ቅንብር «ክሪኤት» ላይ በፍጹም አያድርጉት፤ ነባሮቹን ሠንጠረዦች ከነመረጃቸው ሰርዞ እንደ አዲስ ይሠራቸዋልና።

ኢንተርፌሱ ላይ «ኢንቲቲ» ብሎ መጻፍ ለምን እንደማይረዳ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በጃቫ አንድ አኖቴሽን እንዲወረስ በራሱ ትርጓሜ ላይ «ኢንሄሪትድ» የሚል ምልክት ሊኖረው ይገባል። ምልክቱ ቢኖርም ውርሱ የሚሠራው ከወላጅ ክላስ ወደ ልጅ ክላስ ብቻ ነው፤ ከኢንተርፌስ ወደሚተገብረው ክላስ ምንም አያልፍም። ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ክላስ የሚተገብራቸው ሁለት ኢንተርፌሶች ለአንድ ሜተድ ሁለት የተለያዩ የዐምድ ስሞች ቢሰጡ የትኛው ይጸና እንደነበር ያስቡ። ከዚህም በላይ ሃይበርኔት አንድን ረድፍ ሲያነብ ዕቃውን መፍጠር አለበት፤ ኢንተርፌስ ግን የዕቃውን መረጃ የሚይዝ መስክም ሆነ ኮንስትራክተር (ዕቃውን የሚያስጀምር ኮድ) ስለሌለው ሊፈጠር አይችልም። ሃይበርኔት የሚከተለው የጄፒኤ መስፈርት በ2006 የወጣው የመጀመሪያ ደንብም ኢንተርፌስ ኢንቲቲ መደረግ እንደሌለበት ይደነግጋል።

ስለዚህ ኢንተርፌሱን እንዳለ ትተው ከሥሩ «መሠረታዊ ክፍያ» የሚባል አብስትራክት ክላስ (ልጆቹ እንጂ ራሱ ዕቃ የማይፈጠርበት ክላስ) ይፍጠሩ፤ «ኢንቲቲ» እና «ኢንሄሪታንስ» የሚሉትን አኖቴሽኖች በእርሱ ላይ ይጻፉ፤ ሦስቱ ክላሶች ይውረሱት። በደረሰኙ መስክ ላይ «ትራንዚየንት» የሚለውን አንሥተው የሁለት ኢንቲቲዎችን ግንኙነት የሚያስታውቀውን «ሜኒ ቱ ዋን» ይጻፉ፣ «ታርጌት ኢንቲቲ» በሚለው ባሕርዩም አብስትራክት ክላሱን ያመልክቱ። የመስኩ ዓይነት ኢንተርፌሱ እንደሆነ ይቀጥላል። መስኮቹን ለልጆቹ ብቻ የሚያወርሰው «ማፕድ ሱፐርክላስ» እዚህ አይሆንም፤ የግንኙነት መዳረሻ መሆን አይችልምና። ክፍያዎችዎ የሚለያዩት በጥቂት ዐምዶች ብቻ ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ሠንጠረዥ የሚያስቀምጠውን «ሲንግል ቴብል» የሚለውን ስልት እመርጣለሁ፤ የልጆቹ ዐምዶች ግን ባዶ መሆንን መፍቀድ አለባቸው።

አኖቴሽኖቹ የሚመጡት ከ«ጃካርታ» ጥቅል መሆኑንም ያረጋግጡ። በፍላሽ የሚዘዋወሩት አሮጌ ጃር ፋይሎች (የተጠቀለለ የጃቫ ኮድ) «ጃቫክስ» የሚለውን ይዘው ስለሚመጡ ሃይበርኔት 6 አያውቃቸውም፤ በእነዚህ ፋይሎች ሳቢያ የሚባክነው የሥራ ሰዓት ያሳዝነኛል።

ሦስቱን ሠንጠረዦች ወደ አንድ ሲያዛውሩ እያንዳንዱ ከ1 ጀምሮ ቆጥሮ ከሆነ መለያ ቁጥሮቹ ይጋጫሉ፤ አዲስ ቁጥር ይስጧቸው፣ ዓይነቱን የሚለየውን ዐምድም በእያንዳንዱ ረድፍ ይሙሉ። ይህን ሁሉ አስቀድመው በቅጂው ላይ ይሞክሩት፤ «ክሪኤት» የሚለውን ቅንብር ደግሞ ከሰርቨሩ ያርቁ። እስከ ዛሬ የጠፋውን የደረሰኝና የክፍያ ግንኙነት ፕሮግራሙ ሊመልሰው ስለማይችል በቀንና በገንዘብ መጠን እያስተያዩ፣ የሚያጠራጥረውንም ከወረቀት ደረሰኙ ጋር እያመሳከሩ በእጅ ያስገቡት።