ጂኑ ገብቷል፣ ሊሞኒኑ ግን የት ሄደ?

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ያለውን ሊሞኒንን የሚሠራ ኢንዛይም፣ የሊሞኒን ሲንቴዝን ጂን እርሾ ውስጥ አስገብተሻል። ዲኤንኤን አባዝቶ የሚፈትሸው ፒሲአር ጂኑ እንዳለ ያሳያል። የሚተኑ ውህዶችን ለይቶ በሚያሳየው ጋዝ ክሮማቶግራፊ ላይ ግን ሊሞኒን የለም። «ምን ጎደለኝ?» ነው ያልሽው። ቴርፒን፣ ማለትም ሊሞኒን የሚገኝበትን የውህዶች ቤተሰብ፣ በሚያመርቱ እርሾዎች ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ይህ ነገር በጣም የተለመደ ነውና አይዞሽ።

ጂኑን ከመጠራጠርሽ በፊት አየሩን ጠርጥሪ። ሊሞኒን ቶሎ የሚተን ነገር ነው። ፍላስኩ ሌሊቱን ሲናወጥ ያደረ እንደሆነ፣ የተመረተው ሁሉ በክዳኑ በኩል ወጥቶ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ማሳደጊያው ፈሳሽ ላይ ዶዴኬን የሚባል ዘይት መሰል ፈሳሽ ጨምሪበት፤ የፈሳሹ 10 በመቶ ያህል ይበቃል። ከውኃ ጋር ስለማይቀላቀል ከላይ ይንሳፈፋል፣ ሊሞኒኑንም ይይዝልሻል። ናሙናሽን ከዚያ ውሰጂ። በዚያ ላይ ሊሞኒን እርሾውን ራሱን ይመርዛል፣ የሴሉን ግድግዳ ይጎዳል። ዶዴኬኑ ሲስብለት ሴሉ ፋታ ያገኛል።

ፒሲአር የሚነግርሽ ጂኑ መኖሩን ብቻ ነው፤ መሥራቱን አይደለም። ጂን የሚያበራውና የሚያጠፋው የዲኤንኤ ክፍል ፕሮሞተር ይባላል። የተጠቀምሽው የጋል1 ፕሮሞተር ከሆነና ማሳደጊያው ላይ ግሉኮስ ካለ፣ ጂኑ ተኝቷል ማለት ነው። ግሉኮሱ ማለቅ፣ ጋላክቶስም መግባት አለበት።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። የዕፅዋት ሊሞኒን ሲንቴዝ መነሻው ላይ ኢንዛይሙን ወደ ፕላስቲድ፣ ማለትም ዕፅዋት ሴላቸው ውስጥ ወዳላቸው ክፍል፣ የሚመራ ቅጥያ አለው። እርሾ ደግሞ ፕላስቲድ የለውም። ቅጥያው ካልተቆረጠ ኢንዛይሙ በደንብ ላይሠራ ይችላል። ጂኑን እንደገና የምታሠሪ ከሆነ ቅጥያው ይቅር፣ ኮዶኑም (አሚኖ አሲዶቹ የተጻፉበት የሦስት ፊደል ኮድ) ለእርሾ ይስተካከል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ምርቱ ጥቂት ከሆነ፣ እውነተኛው ችግር ጥሬ ዕቃው ነው። ለእኔ ሥራው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ሊሞኒን የሚሠራው 10 ካርቦን ካለው፣ ጂፒፒ ከሚባል ውህድ ነው። እርሾ ውስጥ ጂፒፒን የሚሠራው ኤርግ20 የሚባል ኢንዛይም ነው። ይኸው ኢንዛይም ግን ጂፒፒውን አይለቀውም፤ አምስት ካርቦን ጨምሮበት ኤፍፒፒ ወደሚባል ባለ 15 ካርቦን ውህድ ይለውጠዋል። ያንቺ ኢንዛይም ሳይደርስበት አለቀ ማለት ነው። ኤርግ20ን እንዳታጠፊው ደግሞ እርሾው ይሞታል፤ ለሴል ሽፋኑ የሚያስፈልገው ኤርጎስቴሮል የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው። መፍትሔው ማዳከም ነው። 96ኛውና 127ኛው አሚኖ አሲድ በትሪፕቶፋን ሲተኩ ኢንዛይሙ ጂፒፒው ላይ ይቆማል። ይህን የተለወጠ ቅጂ ጨምሪ፤ የእርሾው የራሱ ቅጂ ደግሞ በደካማ ፕሮሞተር ሥር ሆኖ መኖሪያውን ያህል ይሥራ። አብረሽም ኤችኤምጂ1 የሚባለውን፣ ጂፒፒን በሚያስገኘው መንገድ ላይ የሚሠራ ኢንዛይም ጂን አጭር ቅጂ አስገቢ፤ የመንገዱ ትልቁ ማነቆ ይከፈታል።

«ጂኑን በብዛት ባስገባውስ?» ላልሽው፣ እኔ በዚያ አልጀምርም። የወባ መድኃኒት የሆነውን የአርቴሚሲኒንን ታሪክ እዪው። በ2006 የጄይ ኪስሊንግ ቡድን እርሾ በሊትር 100 ሚሊግራም ያህል የመድኃኒቱን መነሻ አርቴሚሲኒክ አሲድ እንዲሰጥ አደረገ። በ2013 ሌላ ጽሑፍ ላይ 25 ግራም ደረሰ። ያን ያህል ያራመደው የጂን ብዛት ብቻ አልነበረም። ወደ ስቴሮል የሚሄደውን መንገድ አጠበቡ። ለመጨረሻዎቹ የኦክሲጅን ምላሾች የሚያግዙ የተክሉን ኢንዛይሞች ጨመሩ። የእርሾውን አመጋገብ አስተካከሉ። ምርቱንም ልክ እንደ ዶዴኬኑ ከላይ በሚንሳፈፍ ዘይት ሰበሰቡት።

ለማንኛውም ነገ በዶዴኬኑ ጀምሪ፤ ርካሽና ፈጣን ነው። ጂኑ ያልገባበትን እርሾ ለማነጻጸሪያ ጎን ለጎን ማሳደግሽንም አትርሺ። ከዚያ ፕሮሞተሩ የትኛው እንደሆነና ጂኑ ከየትኛው ተክል እንደመጣ ጻፊልን፣ የክሮማቶግራፊውን ግራፍም ለጥፊው፤ አብረን እናየዋለን።