ፊዚክስ ቢከብድሽም ሲቪልን አትተዪው

እህቴ፣ «12ኛ ክፍል ነኝ፣ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሲቪል ምህንድስና መማር እመኛለሁ፣ ግን ፊዚክስ ይከብደኛል፤ ልተወው?» ብለሻል። በጭራሽ እንዳትተዪው!

ለሲቪል ከፊዚክስ ዋናው መካኒክስ ነው፤ ኃይል፣ ሚዛን፣ ሞመንት (ኃይል አንድን ነገር የማዞር አቅሙ)። እሱን ከአሁኑ ያዢ። አንድ ምሰሶ ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች በቀስት እየሳልሽ ተለማመጂ። እኔን ያወጣኝ ይሄ ነው። ቬክተርና ትሪጎኖሜትሪም አያምልጡሽ።

ትምህርቱ 5 ዓመት ነው። ዲፓርትመንት የሚደርስሽ በውጤትሽና በምርጫሽ ስለሆነ ፍሬሽማን ላይ እንዳትዘናጊ። ሩቅ መሄድ ካሳሰበሽ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ ቅርብሽ፣ ኮምቦልቻ ነው።

እስከዚያው ዓይንሽን ክፈቺ። በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርጂ የመንገዱን ዳር ዳር እዪ። አፈር እንዳይናድ የሚይዝ ድጋፍ ግንብ ካጋጠመሽ ትንንሽ ቀዳዳዎቹን ፈልጊ። ውሃ ማስወጫ ናቸው። ከተደፈኑ ክረምት ላይ ከኋላ ያለው አፈር ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ግንቡን ይገፋዋል። ደሴ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ ልጅ በጣም ያስፈልጋታል።

ያቃተሽን የመካኒክስ ጥያቄ ላኪልኝ፣ አብረን እንሠራዋለን።