ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «አጂኖሞቶ ነው ወይስ ምች?»

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የ36 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። እኔና ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ለእናቴ ትተን በአካባቢያችን ያሉትን የእስያ ምግብ ቤቶች መሞከር ከጀመርን ዓመት ሊሞላን ነው። መጀመሪያ ታይ ቤት ፓድ ታይ በሽሪምፕ በልቼ አፌን አሳከከኝ። ሌላ ጊዜ ቬትናም ቤት ሽሪምፕ ያለበት ጥቅል በላሁና ከንፈሬ አበጠ፤ ሰውነቴ ላይም ሽፍታ ወጣ። እናቴ ‹ምች ነው› ብላ ዳማከሴ አሸችኝ። ባለፈው ወር ኮሪያ ቤት ሽሪምፕ አላዘዝኩም። ግን ጓደኛዬ ካዘዘችው የባሕር ምግብ ቂጣ አጎረሰችኝ። ጉሮሮዬ ጠበበኝ፣ አስመለሰኝ፣ አዞረኝ። ሰው እንዳይረበሽ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆየሁ። መኪና ውስጥ ሁለት ቤናድሪል (የማሳከክ ኪኒን) ዋጥኩና ቤት ገብቼ ተኛሁ። ጠዋት ደህና ነበርኩ። ጓደኞቼ ‹ማጣፈጫው ነው፣ አጂኖሞቶው› ይላሉ። አጂኖሞቶ የማይጨምሩ ቤቶችን እንዴት ልለይ? ከዚያን ቀን ወዲህ ሌሊት እየነቃሁ ጉሮሮዬን እነካካለሁ።»

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ አጂኖሞቶ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ ያነበብኩት የመጨረሻዋን መስመር ነው። የሚያስፈራዎት ተኝተው አለመነሳት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ልመልስ። የሽሪምፕ አለርጂ ሰው ምንም ሳይበላ ሌሊት ከመሬት ተነስቶ አይመጣም። የሚመጣው ከበሉ በኋላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ እስከ ሁለት ሰዓት ገደማ። ዛሬ እራትዎ ሽሮ ከሆነ ጉሮሮዎን ይተዉትና ይተኙ።

አዎ፣ አለርጂ ብያለሁ። ሳልመረምርዎት መማል አልችልም፤ ግን የሦስት አገር ወጥ ቤት ገብተው ሦስቱም ጋ ያገኘዎት ሽሪምፕ ነው፤ የኮሪያው የባሕር ምግብ ቂጣም ሽሪምፕ አያጣውም። በየጊዜውም ብሶብዎታል። «አገር ቤት ሳለሁ እንዲህ ያለ ነገር አያውቀኝም» ይሉ ይሆናል። አገር ቤት መቼ ሽሪምፕ በሉና? እዚህ አሜሪካ በአዋቂዎች ላይ በብዛት የሚታየው የምግብ አለርጂ ይኸው የሽሪምፕና የሸርጣን ወገን ነው። ብዙዎችን የሚጀምራቸውም ካደጉ በኋላ ነው። ሰውነት የሚቆጣበት ፕሮቲን ተመሳሳዩ በአቧራ ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮችና በበረሮም ላይ አለ። በረሮና ሽሪምፕ የሥጋ ዘመድ ናቸው። ምግብ ላይ ከሆኑ ይቅርታ።

አጂኖሞቶን ላሰናብተው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባሉ የቶኪዮ ኬሚስት ከባሕር አረም ለይተው ያወጡት ማጣፈጫ ነው። ስሙ የጠፋው በ1968 ነው። አንድ ሐኪም «ቻይና ምግብ ቤት ስበላ ማጅራቴን ያደነዝዘኛል፣ ልቤም ይመታል» ብለው ለአንድ የሕክምና መጽሔት ደብዳቤ ጻፉ። አኩሪ አተር ሶሱ ይሁን፣ ለማብሰያ የገባው ወይን ይሁን፣ ጨው ይሁን ወይስ አጂኖሞቶ፣ እሳቸውም አላወቁትም ነበር። ሰው ግን አጂኖሞቶውን ለቀም አደረገና ይኸው እስከ ዛሬ ይዞታል። ነገሩ ቲማቲም ውስጥም አለ፣ ፎርማጆ ውስጥም፣ የእናት ጡት ወተት ውስጥም። እናትዎ ወጥ ላይ የሾርባ ኩብ ጣል የሚያደርጉ ከሆነ እዚያም ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። በባዶ ሆድ ብዙ ቢወሰድ አንዳንዱን ሰው ራሱን ሊያመው ይችላል። እርስዎ የጻፉልኝን ግን አያመጣም። አጂኖሞቶ የሌለበት ቤት ቢያገኙ፣ ሽሪምፑ እዚያም ይጠብቅዎታል።

ምችም አይደለም። እናትዎን አክብሬ ነው የምለው። ዳማከሴ ሽታው ደስ ይለኛል፤ ልጅ ሆኜ ስንቴ ታሽቼበታለሁ። የሚዘጋ ጉሮሮ ግን አይከፍትም።

አሁን ወደ ቤናድሪሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው፣ ይታገሱኝ።

«ዋጥኩና ተኛሁ።» ይህችን ነገር ስንት ሰው ነግሮኛል! ቤናድሪል ማሳከክ ያስታግሳል። በቃ፣ ሥራው እሱ ነው። ያበጠ ጉሮሮ አያጎድልም፤ የወረደ የደም ግፊት አያነሳም፤ የጠበበ የአየር ቧንቧ አይከፍትም። ለሚሠራውም ሥራ ቢሆን ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በዚያ ላይ እንቅልፍ ያመጣል። አስቡት እንግዲህ፦ ጉሮሮዎ ሲጠብ፣ ራስዎ ሲዞር፣ የሚያስተኛ ኪኒን ውጠው መብራት አጠፉ። ባለቤትዎም «አረፍ ትበል» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው ይሆናል። ጠዋት ደህና የሆኑት ሰውነትዎ በራሱ ስለተመለሰ ነው፤ ኪኒኑ አላዳነዎትም። በሚቀጥለው ጊዜ ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ የለም። ያለፈው ቀላል ነበር ማለት የሚመጣው ቀላል ነው ማለት አይደለም። አስም ካለብዎት ደግሞ አደጋው ይብሳል።

የመታጠቢያ ቤቱ ነገርም አሳዝኖኛል። ይሉኝታ ነው። አገሬን አውቃታለሁ፤ ሰው ፊት ከመታመም መደበቅ ይቀለናል። በዚህ ሕመም ግን ብቻዎን በር ዘግተው ቢወድቁ ማን ያገኝዎታል? ገበታው ይረበሽ። ሳህኑም ይሰበር።

ስለዚህ ይህን ይያዙልኝ። ከበሉ በኋላ ጉሮሮ ከጠበበ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ደረት ሲር ሲር ካለ ወይም ዓይን ከጨለመ፣ መድኃኒቱ ኤፒነፍሪን ነው፤ ራስዎ የሚወጉት መርፌ። ሽፍታና ትውከት አብረው ሲመጡም እንደዚያው ነው። «ትንሽ ልየው» የለም። መርፌው የሚወጋው በጭን ውጪኛ ጎን ነው፤ ሱሪ ማውለቅ አያስፈልግም፣ በላዩ ይወጋል። ከዚያ 911 ይደወላል። እንግሊዝኛው ከጠፋብዎት «አምሃሪክ» ይበሉ፣ አስተርጓሚ በስልክ ያገናኙዎታል። እስኪመጡ ጋደም ይበሉ፣ እግርዎን ከፍ ያድርጉ። መተንፈስ ከከበደዎት ይቀመጡ። ተነስተው ወደ መኪና መሄድ ግን የለም፤ ግፊት በወረደበት ሰዓት ድንገት መቆም ራሱ ሊገድል ይችላል። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ለውጥ ከሌለ ሁለተኛው መርፌ ይደገማል፤ ሁለት ይዞ መዞር የሚመከረውም ለዚህ ነው። ቢሻልዎትም ሆስፒታል ይሂዱ። ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

ለአዋቂ የሚታዘዘው 0.3 ሚሊግራም ነው። በዚህ ሳምንት ሐኪምዎ ጋ ገብተው ያሳዝዙት። በሚቀጥለው ወር አላልኩም። ዋጋው ከከበደ በኩባንያ ስም የማይሸጠውን ዓይነት (ጀነሪክ) ይጠይቁ። መርፌ የሚፈሩ ከሆነ ከ2024 ወዲህ በአፍንጫ የሚነፋም አለ። ከዚያ የአለርጂ ሐኪም በቆዳና በደም ምርመራ ያረጋግጣል። «እስቲ ትንሽ ቀምሼ ልየው» የሚባለውን የቤት ውስጥ ምርመራ እንዳይሞክሩት። አንድ ታካሚዬ ሞክሮት በአምቡላንስ መጥቷል፤ እሱም ቤናድሪል ኪሱ ውስጥ ነበር።

ቅዳሜ ይቅር? አይቅር! ልጆች ላሏቸው ሰዎች ቅዳሜ ማታ ብርቅ ነው። እኔም ፎልስ ቸርች ኤደን ሴንተር ሄጄ የቬትናሞቹን ሾርባ፣ ፎ፣ እጠጣለሁ። ሌሊቱን ሲፈላ ያደረ የአጥንት መረቅ ነው፤ የበዓል ማግስት ቅቅል ትዝ ይለኛል፣ ቅመሙ ቢለይም። የበሬ ሥጋ ፎ እንዲያው ሲታይ ሽሪምፕ የለበትም። ግን ሁሌም ይጠየቃል። ሽሪምፕ በቬትናምኛ «ቶም»፣ በታይ «ኩንግ»፣ በኮሪያኛ «ሴኡ» ነው። «አለርጂ ነኝ» ይበሉ፤ «አልወድም» ካሉ ከላዩ ለቅመው ያመጡልዎታል።

የሚታየው ሽሪምፕ ቀላሉ ነው። ክፉው የተፈጨው ነው። የታይ ካሪ ሲሠራ የሽሪምፕ ድልህ ይገባበታል። የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ ላይ የደረቀ ሽሪምፕ አብሮ ይወቀጣል፤ በጾም ቀን «አትክልት ነው» ብላችሁ የምታዙት ሁሉ ይህን እወቁት። ኪምቺም ብዙውን ጊዜ በጨው የታሸ ሽሪምፕ አለበት። የዓሣ ሶስ ሌላ ነው፤ ዓሣና ሽሪምፕ በአለርጂ አንድ አይደሉም። የኦይስተር ሶሱንና ካላማሪውን ግን ምርመራው እስኪያልቅ ይተዉት። ጠብሰው የሚያቀርቡትን ሲያዙ ዘይቱና መጥበሻው ሽሪምፕ የነካው እንዳይሆን ይጠይቁ።

ጉርሻም ለጊዜው ቀርቷል። ጓደኛዎን አስቀድመው ይንገሯት፤ የምትቀየም አይመስለኝም።

መርፌውን ሲወስዱ ፋርማሲው መድኃኒት የሌለበት መለማመጃ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። የሚለማመደው ባለቤትዎ ነው፤ እርስዎ ያን ሰዓት እጅዎ ይንቀጠቀጣል። መርፌው ኤፒፔን የተባለው ዓይነት ከሆነ ሰማያዊው ጫፍ ወደ ላይ ነው፤ ይነቀላል። ብርቱካናማው ወደ ጭን ነው። ተጭኖ ሦስት ይቁጠር። ኩሽና ውስጥ ቆማችሁ አሥር ጊዜ ያህል ይሞክረው፤ እናትዎም ይዩት። መድኃኒት ያለበትን መኪና ውስጥ አይተዉት፤ የቨርጂኒያ ሐምሌ ያበላሸዋል።