ከመቀየራችሁ በፊት ለኩ፦ ለመኪና ኤሌክትሪክ ወጣት ባለሙያዎች

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ ጋራዦች የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው ስካነር የብልሽት ኮድ ያወጣል፤ ኮዱ የጠራው ሴንሰር ተገዝቶ ይቀየራል፤ የዳሽቦርዱ መብራት ግን በማግስቱ መልሶ ይበራል። በዚህ ስትማረሩ ብሰማ አልፈርድባችሁም። እኛ ሥራውን ስንለምድ ባትሪ፣ ዲናሞ፣ ሞተር የሚያስነሳውን ሞተሪኖና ፊውዝ ለይቶ ያወቀ ሰው አብዛኛውን ብልሽት ያገኘው ነበር፤ ዛሬ ግን ትንሿ የቤት መኪና እንኳ ብዙ ኮምፒውተሮች አሏት፤ እነርሱም ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ይፋ ባደረገው ካን በተባለ አሠራር፣ በተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎች መልእክት ይለዋወጣሉ። በዚህ የተነሳ አንድ ቦታ የላላ ሽቦ ሌላ ቦታ ያለ መሣሪያ ሊያጠፋ ይችላል።

ቢሆንም አብዛኛው ድካማችሁ ኮዱን እንደ ፍርድ ከመቀበል የሚመጣ ይመስለኛል። ኮድ ምስክር ነው፤ ያየውን ይናገራል እንጂ አይፈርድም። የሞተር ውኃ ሙቀት ሴንሰር መስመር ቮልት ከልክ በላይ መሆኑን የሚናገረውን ፒ0118 የሚባለውን ኮድ ተመልከቱ። ኮምፒውተሩ ወደ ሞተር ውኃ ሙቀት ሴንሰር 5 ቮልት ይልካል፤ ሴንሰሩ ቢበላሽ፣ ሽቦው ቢበጠስ ወይም ሶኬቱ ቢላቀቅ የሚያየው ያንኑ ያልወረደ ቮልት ስለሆነ ሦስቱን መለየት አይችልም። ሴንሰሩ ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ ሶኬቱን ነቅላችሁ ሁለቱን መስመሮች በአጭር ሽቦ አገናኙና ስካነሩን እዩ፤ ሙቀቱ ወደ ላይኛው ጫፍ ከዘለለ መስመሩም ኮምፒውተሩም ደህና ናቸውና ያን ጊዜ ሴንሰር ግዙ። ካልዘለለ ግን አዲሱ ሴንሰር የደንበኛውን ገንዘብ ከማባከን በቀር የሚፈይደው የለም።

ከሁሉ በላይ የምትዘነጉት ማሳን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበትን መስመር ነው። ጥቂት ክር ብቻ የቀረው የማሳ ገመድ በቴስተር ኦሙ (የኤሌክትሪክ መቋቋሙ) ሲለካ ጤነኛ ይመስላል፣ ቴስተሩ የሚልክበት ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነውና፤ ሞተሪኖው ሲጎትት ግን ጉዱ ይወጣል። ስለዚህ ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ በባትሪው ኔጋቲቭና በሞተሩ አካል መካከል ያለውን ቮልት ለኩ፤ ከ0.2 ገደማ ካለፈ ገመዱን ፈትታችሁ አጽዱ፤ ክሩ የተበጠሰ ከሆነም ቀይሩት። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ ባትሪው ራሱ ይለካ፤ ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ይኖረዋል፣ የደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭም ደካማውን ቶሎ ያጋልጣል።

አንዳንዴ ታይቶ የሚጠፋ ብልሽት ከሁሉ የከፋ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከጣርማ በር ጉም ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርድ መኪና በአንድ ጉዞ እርጥበትም ሙቀትም ያገኘዋል፤ እርጥበቱ ሶኬት ውስጥ ይገባል፣ ሙቀቱም የላላውን መገጣጠሚያ ያባብሳል። ሾፌሩ «ቁልቁለቱን ስጨርስ ይጠፋል» ካላችሁ ቃሉን ጻፉት፤ ከስካነሩ የበለጠ የሚጠቅማችሁ ጊዜ ብዙ ነው። ጋራዥ ውስጥም ገመዶቹን እያንቀሳቀሳችሁ፣ ሶኬቱን በሞቀ አየር እያሞቃችሁ ብልሽቱን ለማምጣት ሞክሩ።

ደንበኛ ለዕቃ እንጂ ለምርመራ መክፈል እንደማይወድ አውቃለሁ። ብዙ ደህና ዕቃ በከንቱ የሚቀየረውም በዚሁ ነው። የምርመራውን ዋጋ ሥራ ሳትጀምሩ ተናገሩ፤ የማይስማማ ይሂድ።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባትን ስላገደ ወደ እናንተ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ይበዛሉ። የከፍተኛ ቮልት መስመር የሆነውን ብርቱካናማውን ገመድ ሥልጠናና ተገቢው ጓንት ሳይኖራችሁ አትንኩ፤ የተሸከመው ኃይል ይገድላል። በእነርሱም ውስጥ ግን 12 ቮልቱ ባትሪ አለ፤ መኪናዋ አልነሳ ስትል ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚለካው እርሱ ነው።